ክፈፉ ሥር ያለው የተርብ ጎጆ፦ መቼ ይተው፣ መቼ ይነሳ?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የጋራ ግቢ ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር መዳፍ የምታክል የተርብ ጎጆ ተንጠልጥላለች። የጎረቤት ልጅ የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቀለለ፣ ላምባ አጠጣውና በርጩማ ላይ ወጥቶ ለኮሰው። ጎጆዋ ወዲያው ነደደች። እሳቱ ግን በዚያ አልበቃውም፤ ከቆርቆሮው ሥር የነበረውን አሮጌ የአቡጀዴ ኮርኒስ ያዘ። ልጁ አንገቱ ላይ ተነድፎ ከበርጩማው ወደቀ። እናቶች ጄሪካን እየተቀባበሉ እሳቱን አጠፉ። በኋላ መሬት ላይ የረገፉትን ተርቦች ስንቆጥር ስምንት ሆኑ። ለስምንት ተርብ ሲባል ሦስት ቤተሰብ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነበር።

ቤታችን አጠገብ ተርብ ስናይ ቶሎ የሚመጣልን ጥያቄ «በምን ልግደለው?» የሚል ነው። ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ያየነው ምንድን ነው? በአንድ ስም ተርብ ብለን የምንጠራቸው ነፍሳት ኑሯቸውም ጠባያቸውም ይለያያል። ለአንዱ የሚሆነው መፍትሔ ሌላው ላይ ሲሞከር ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

ተርብ ነው ወይስ ንብ?

ከሁሉ በፊት ይህ ይለይ። ንብ ወፈር ያለች፣ ቡናማና ጸጉራም ናት፤ ብዙ ጊዜ የኋላ እግሯ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክማ ትታያለች። ተርብ ግን ሰውነቷ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ወገቧ ክር አክሏል፣ ስትበር ረጃጅም እግሮቿ ወደታች ይንጠለጠላሉ።

ነፍሳቱን ቀርቦ ማየት ካስፈራ መግቢያቸውን ከሩቅ መመልከት ይበቃል። ከግድግዳ ስንጥቅ፣ ከኮርኒስ ቀዳዳ ወይም ከዛፍ ፍልፍል ብዙ ነፍሳት ያለማቋረጥ እየተመላለሱ ከሆነ ንብ መሆኑን ጠርጥሩ። የተርብ ጎጆ ላይ የሚኖሩት ብዙውን ጊዜ በአስር የሚቆጠሩ ናቸው። የንብ መንጋ ግን አስር ሺዎችን ሊይዝ ይችላል፣ የአፍሪካ ንቦች ደግሞ ቤታቸውን ለመከላከል እጅግ ፈጣን ናቸው። ንብ ስትነድፍ የማስጠንቀቂያ ሽታ ትለቃለች፤ ሽታው ሌሎቹን ወደዚያው ቦታ ይጠራል። ስለዚህ ንብ የገባበትን ኮርኒስ በእሳት፣ በፍሊት ወይም በውሃ መነካካት መንደሩን በሙሉ ማስነደፍ ነው። ንብ አናቢ ወይም የተባይ መከላከል ባለሙያ ይጠራ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል አለ፤ የንብ እርባታ ልምድ ያላቸው ሰዎችም በከተማዋ ዙሪያ ጥቂት አይደሉም።

ንቦች ቅርንጫፍ ላይ ተጠራቅመው እንደ ዘለላ ከተንጠለጠሉ አዲስ ቤት ፍለጋ ላይ ያለ መንጋ ነው። በዚያ ሰዓት የሚጠብቁት ማርም ልጅም ስለሌላቸው ካልተነኩ ረጋ ያሉ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነስተው ይሄዳሉ። ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩ መጠበቅ ነው።

ተርብ ጎጆዋን ከምን ትሠራለች?

ከወረቀት። እንደ ዘይቤ እንዳይወሰድብኝ፣ የእውነት ወረቀት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከአጣና አጥር አጠገብ ቆሜ አንዷን ተመለከትኋት። ቀለም ያልነካው፣ ፀሐይና ዝናብ ያገረጣው አጣና ላይ ጭንቅላቷን ደፍታ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች በመንጋጋዋ ትፍቃለች። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ጥፍር ካርቶን ሲቧጥጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበረው። ያለፈችበት ላይ ክብሪት እንጨት የማይሞላ ቀጭን መስመር ቀረ። የፋቀችውን አድበልብላ፣ አገጯ ሥር ይዛ በረረች።

ያንን የእንጨት ጭረት በምራቋ አላቁጣ፣ በስሱ አንጥፋ ታደርቀዋለች። የወረቀት ፋብሪካም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ እንጨት ፈጭቶ፣ በውሃ አርሶ፣ አንጥፎ ማድረቅ። የንብ እንጀራ ከሰም ነው የሚሠራው፣ የተርብ ጎጆ ግን ሰምም ማርም የለውም። ስለዚህ «ማር ይኖረው ይሆናል» ብሎ የተርብ ጎጆ የሚያወርድ ሰው የሚያገኘው እጭ ብቻ ነው።

ጎጆዋ ባለ ስድስት ጎን ጉድጓዶች አሏት፤ አፋቸው ወደታች ነው፣ ጎጆዋን ከውጭ የሚጠቀልል መሸፈኛ የለም። ሁሉም በአንዲት ቀጭን ዘንግ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለዋል። ዘንጓ ቀጭን የሆነችው በምክንያት ነው፤ ለጉንዳን ያለው መንገድ እሷ ብቻ ናት፣ ተርቧም ጉንዳን የሚጠላውን ፈሳሽ ከሰውነቷ እያወጣች ትቀባዋለች። በአንድ ጠባብ በር እንደሚጠበቅ ግቢ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው፣ ኳስ የሚያካክሉና በግራጫ ወረቀት የተጠቀለሉ፣ ሺዎችን የያዙ ጎጆዎች በአመዛኙ የአውሮፓና የአሜሪካ ተርቦች ናቸው። የእነዚያ ተርቦች የተፈጥሮ መኖሪያ ከሰሃራ በስተደቡብ ያለው አፍሪካ አይደለም። እነዚያን ቪዲዮዎች አይቶ እዚህ የተንጠለጠለችውን መዳፍ የምታህል ጎጆ በዚያው ልክ መፍራትም፣ በዚያው ልክ በመርዝ ማጥለቅለቅም አያስፈልግም።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጭቃስ?

የመስኮት ጥግ፣ መጋረጃ እጥፋት ወይም መጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ የጣት ቅርጽ ያለው ደረቅ ጭቃ ካያችሁ የጭቃ ተርብ ናት። ብቻዋን ትኖራለች። ጭቃ በአፏ እያመላለሰች ክፍሎቹን ትሠራለች፤ ሸረሪት ነድፋ ሳትገድል ታደነዝዝና ትከትትበታለች፤ እንቁላሏን ጥላ በጭቃ ትደፍነዋለች። ሸረሪቷ ሕይወቷ ሳይወጣ ስለምትቆይ አትበሰብስም። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ትኩስ ምግብ ያገኛል ማለት ነው። ጭቃውን ሰብሮ ያየ ሰው ብዙ ትናንሽ ሸረሪቶች ተደርድረው ያገኛል።

ይህች ተርብ ጎጆዋን ለመከላከል ሰው ላይ አትነሳም። በእጅ ካልተጨበጠች በቀር አትነድፍም ማለት ይቻላል። ጭቃውን በቢላዋ ፍቆ መጣል ይበቃል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ስትደፍን ነው። በጥር 1988 ዓ.ም በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ያለቁበት የመንገደኞች አውሮፕላን፣ የፍጥነት መለኪያ ቱቦው በዚህ ዓይነት ተርብ ጭቃ ሳይደፈን እንዳልቀረ ነው መርማሪዎች የጠረጠሩት። ወደ ቤታችን ስንመልሰው፣ የቁልፍ ቀዳዳን፣ የመታጠቢያ ቤት አየር ማስገቢያንና የማንኛውም ጋዝ ነክ ዕቃ ጭስ ማውጫን አልፎ አልፎ ማየት ዋጋ አለው።

ለምን እኛ ቤት?

ተርብ የምትፈልገው ከዝናብ የተጠለለ፣ ፀሐይ የሚያሞቀው፣ ብዙ የማይነካካ ቦታ ነው። መሐል አዲስ አበባ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ሞልቷል። የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ ቤቶች ሰፋፊ የእንጨት ክፈፍ አላቸው። ኮንዶሚኒየም ላይ በረንዳ፣ የዲሽ ጀርባ፣ የሮቶ ማስቀመጫ፣ የቆጣሪ ሳጥን አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ በቀን የሚግል ቆርቆሮ አጠገብ መጠለል ለእጮቹ ይመቻል።

ምግቡም ቅርብ ነው። ያደጉት ተርቦች የአበባ ማርና ጣፋጭ ነገር ይቀምሳሉ፤ ጁስ ቤት በር ላይ የማንጎ ልጣጭ ላይ የሚያንዣብቡት ለዚህ ነው። ለእጮቹ ግን ሥጋ ያስፈልጋል፤ ከጎመን ላይ ትልና አባ ጨጓሬ እያደኑ፣ አድቅቀው ይወስዱላቸዋል። ጓሮው ውስጥ ጎመን የተከለ ሰው ሳያውቀው ውለታቸውን ይበላል።

ይተው ወይስ ይነሳ?

እኔ የምመዝነው በሦስት ነገር ነው፤ ሰው በምን ያህል ርቀት ያልፋል፣ ቦታው ይነካካል ወይ፣ ቤቱ ውስጥ በመነደፍ ክፉኛ የሚታመም ሰው አለ ወይ።

ተርብ እንደ ዘበኛ ናት። በመንገድ የሚያልፈውን አትነካም፣ በር የሚደበድበውን ትጠይቃለች። ጎጆው ሦስት አራት ሜትር ከፍ ብሎ ማንም የማይደርስበት ክፈፍ ላይ ከሆነ መተው ይሻላል። በር ላይ፣ ልብስ ማስጫ አጠገብ፣ ልጆች ኳስ የሚያጋጩበት ግድግዳ ላይ ወይም የሚከፈትና የሚዘጋ መስኮት ላይ ከሆነ ግን ይነሳ፤ መንቀጥቀጥ እንደ ጥቃት ይቆጠራል። ከመነሳታቸው በፊት ምልክት ይሰጣሉ። ጎጆው ላይ ያሉት ፊታቸውን ወደ እናንተ አዙረው ክንፋቸውን ከፍ ካደረጉ «በቃ» ማለታቸው ነው። እጅ ሳያወራጩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ።

ቀለም ቀቢ፣ የዲሽ ሠራተኛ ወይም የመብራት ባለሙያ ሲጠራ ጎጆ እንዳለ አስቀድሞ መንገር የቤቱ ባለቤት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። መሰላል ላይ ያለ ሰው ሲነደፍ መጀመሪያ የሚያደርገው ሁለት እጁን መልቀቅ ነው። ንድፊያው በቀናት ይድናል፤ ከፎቅ መውደቅ ግን ሌላ ነው።

ከተነሳስ እንዴት?

በጨለማ፣ በብርድ፣ ከመሬት ሳይነሱ። ተርብ ቀን ለሥራ ትሰማራለች፣ ማታ ሁሉም ጎጆው ላይ ይሰበሰባሉ። በጨለማ በደንብ አይበሩም፣ ሲበርዳቸው ደግሞ ጡንቻቸው ይተሳሰራል። ስለዚህ ጥሩው ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወይም ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ነው። በእጅ የተያዘ ነጭ የባትሪ ብርሃን ወደ እጅ ይጠራቸዋል፤ ነፍሳት ቀይ ብርሃን እምብዛም ስለማያዩ ባትሪው ላይ ቀይ ፕላስቲክ ማሰር ይረዳል።

ለትንሽ ጎጆ የምመርጠው የሳሙና ውሃ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ማንኪያ ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሳሙና ይደባለቃል። ነፍሳት ሳንባ የላቸውም፤ የሚተነፍሱት በሰውነታቸው ጎን ባሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ነው። ንጹሕ ውሃ ሰውነታቸው ላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይወርዳል። ሳሙና ግን ውሃው እንዲለጠፍና ቀዳዳዎቹ ውስጥ እንዲገባ ያደርገዋል፣ ተርቧም ትታፈናለች። ቀጥ ብሎ የሚወረውር የእጅ መርጫ ይያዝ። ጎጆው እስኪርስ ድረስ ተረጭቶ ዞር ይባላል፤ ጠዋት የሚንቀሳቀስ እንደሌለ ከታየ በኋላ በረጅም እንጨት ይወርዳል። ቆጣሪ ወይም የመብራት ሽቦ አጠገብ ግን ውሃ በፍጹም አይረጭም፤ ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ከሆነ የመብራት ባለሙያ ሳያይ አይነካ።

ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ፍሊትም ይሠራል። አብዛኛው የተሠራው የነፍሳትን ነርቭ ከሚያሽመደምድ ኬሚካል ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሳይፐርሜትሪን ወይም ፐርሜትሪን የሚል ስም ይነበባል። ችግሩ ለዝንብና ለበረሮ የተሠራ ፍሊት እንደ ጉም ስለሚበተን ሰውን በጣም ያስጠጋዋል። ነፋሱ ከኋላ ይሁን፣ ምግብና የውሃ ዕቃ ይሸፈን፣ ድመት ካለች ትራቅ፤ እነዚህ ኬሚካሎች ለድመትና ለዓሣ ጎጂ ናቸው። የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ የከሰል ምድጃ ወይም ሻማ አጠገብ አይረጭ። ስሙ ያልተጻፈበት፣ በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ የእርሻ መድኃኒት ግን ቤት አይግባ። ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል፣ የዚያን ጊዜ ሐኪሙ እንኳ ምን እንደጠጣ ማወቅ አይችልም።

ረጅም ሱሪ ካልሲ ውስጥ የተከተተ፣ ወፍራም ጃኬት፣ አንገት ላይ ሻርፕ፣ ዓይን ላይ መነጽር ያስፈልጋል። ልጆች ገብተው በር ይዘጋ፣ የመሸሻው መንገድ ባዶ ይሁን። ጎጆው ከመሬት ሆኖ የማይደረስበት ከሆነ ሥራው የባለሙያ ነው። እሳት፣ ላምባና ቤንዚን የሚታሰቡ አይደሉም፤ አቡጀዴ፣ ማዳበሪያ ከረጢትና ደረቅ እንጨት ያለበት ጣሪያ ሥር ነው የምንኖረው።

ሰው ከተነደፈስ?

የምትነድፈው ሴቷ ብቻ ናት፤ መንደፊያዋ ከእንቁላል መጣያ ቱቦ የመጣ ስለሆነ ወንዱ የለውም። የንብ መንደፊያ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች ስላሉት ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ንቧም ትሞታለች። ተርብ ግን መንደፊያዋን መልሳ ስለምታወጣ ደጋግማ ትነድፋለች። ንብ ከሆነች የቀረውን መንደፊያ ወዲያው ማውጣት ነው። በጥፍርም ይሁን በካርድ ልዩነት የለውም፤ ዋናው ፍጥነቱ ነው፣ የመርዙ ከረጢት ሰውነት ላይ ሆኖም መርጨቱን ስለማያቆም።

በአብዛኛው ሰው ላይ የሚታየው ሕመም፣ መቅላትና እብጠት ነው። በውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ይያዝበት፤ ፓራሲታሞልና ለማሳከኩ ሴትሪዚን ይረዳሉ። እብጠቱ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ሊጨምር ይችላል፣ ያ ብቻውን አያስፈራም። የጣት ቀለበት ግን ሳያብጥ በፊት ይውለቅ። ጭቃ፣ ላምባና ቅቤ መቀባት የሚያተርፈው ቆዳን ማቆሸሽና ማቃጠል ነው።

በጥቂት ሰዎች ላይ ግን ሰውነት መርዙን እንደ ትልቅ ወራሪ ቆጥሮ ራሱን ያምሳል። ጎረቤቱ በር ላይ አንድ ሌባ አይቶ የመንደሩን መብራት ሁሉ እንደሚያጠፋ ሰው፣ መከላከያው ራሱ ጉዳት ያደርሳል። ይህ ከባድ አለርጂ ነው፤ በአንድ ንድፊያ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ። ከተነደፈው ቦታ ርቆ ገላ ላይ ሁሉ ሽፍታ ከወጣ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ማስመለስ ወይም ራስን መሳት ከመጣ የሚጠበቅ ነገር የለም። መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው፤ ጭን ጡንቻ ላይ ይወጋል፣ የተዘጋውን የአየር መንገድ ይከፍታል፣ የወረደውን የደም ግፊት ያነሳል። ሴትሪዚን የእሱን ቦታ አይተካም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት በ939 ይጠራል። መንገዱ የተጨናነቀበት ሰዓት ከሆነና መኪና ግቢ ውስጥ ካለ ግን በጣም ቅርብ ወደሆነው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወዲያው መውሰድ ነው። በሽተኛው ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ መተንፈስ ካቃተው ይቀመጥ። «ደህና ነኝ» ብሎ በድንገት እንዳይነሳ። ምልክቱ ጠፍቶ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪም ሳይፈቅድ ወደ ቤት አይመለስም።

አፍ ወይም ጉሮሮ ውስጥ የተነደፈ ሰው አለርጂ ባይኖረውም ሐኪም ይየው፤ እብጠቱ ብቻ አየር ሊዘጋ ይችላል። ደጅ ሲቀመጡ የለስላሳ ጠርሙስን ሳያዩ መጨለጥ የማይመከረው ለዚህ ነው። በብዙ ንብ ወይም ተርብ የተነደፈ ሰውም እንዲሁ፣ በዚያ ሰዓት ደህና ቢመስልም፤ ብዙ መርዝ ጡንቻና ኩላሊትን የሚጎዳው አንዳንዴ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

ጎጆው ከወረደ በኋላ ለምን ይመለሳሉ?

ውጭ ያደሩት ጥቂቶች በማግስቱ የድሮ አድራሻቸውን ፈልገው ይመጣሉ፤ ዘንጉ ተለጥፎበት በነበረው ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ያንዣብባሉ። የሚጠብቁት ልጅ ስለሌላቸው ብዙም አይናደፉም። ቦታው በሳሙና ውሃ ተፈግፍጎ ይታጠብ። እንጨቱ ባዶ ከሆነ ቀለም ይቀባ፣ ያረጀና ቀለም የሌለው እንጨት የወረቀታቸው ጥሬ ዕቃ ነውና። የግድግዳ ስንጥቅ በስቱኮ ይደፈን፣ አየር ማስገቢያው ላይ ደቃቅ ወንፊት ይደረግ።

ከዚያ በየሳምንቱ ክፈፉን ቀና ብሎ ማየት ነው። አዲስ ጎጆ ሲጀመር የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል፣ አምስት ስድስት ጉድጓድ ብቻ ያላት ትሆናለች፣ ብዙ ጊዜም የምትጠብቃት አንዲት እናት ናት። በዚያ ዕድሜዋ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ በረጅም መጥረጊያ አንድ ጊዜ መንካት ያወርዳታል።